ምዕራፍ ሰባት፦ እጅህን ሰብስብ

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው በገዛ ጓሮው መጫወቻ የምታህል አውሮፕላን እንኳ ማብረር አይፈቀድለትም። አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ የሚኖረውም እንዲሁ። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ እስከ 15 ማይል ድረስ ያለው ሰማይ በሪሞት ለሚበር ነገር ሁሉ ዝግ ነው። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት ወዲህ የመጣ ጥብቅነት ነው፤ አውሮፕላኗ ከፎም ትሠራ ከወረቀት፣ ክብደቷ አንድ ኪሎ ሥጋ ይሙላ አይሙላ፣ ሕጉ አይጠይቅም።

በዚህ የተነሳ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ፔርሙዝ ቡና፣ ታጣፊ ወንበርና ክንፏ የተነቀለ አውሮፕላን መኪናዬ ላይ ጭኜ ወደ ሜሪላንድ ገጠር እነዳለሁ። ከክልሉ ከወጡ በኋላ ያለው ሕግ ቀላል ነው። አውሮፕላኗ ከ250 ግራም በላይ ከሆነች ባለቤቷ 5 ዶላር ከፍሎ ይመዘገባል፤ በኢንተርኔት የሚሰጥ አጭር ነፃ ፈተና ያልፋል፤ ከ400 ጫማ፣ ማለትም ከ120 ሜትር ገደማ በላይ አይወጣም፤ ከዓይኑም አያርቃትም። የመጨረሻው ባይጻፍም ቅሉ ማንም አይጥሰውም ነበር፤ ከዓይን የራቀች አውሮፕላን ምን እንደምትሆን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሁለተኛ አይሞክረውም።

ሜዳው ሲያዩት ምንም አይደል። ከበቆሎ ማሳ ጎን ሣሩ እንደ ምንጣፍ ዝቅ ብሎ የታጨደ መንደርደሪያ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያሳይ ብርቱካንማ ከረጢት፣ ወገብ የማይደርስ አጥር፣ ከአጥሩ በስተኋላ የእንጨት ጠረጴዛዎች። ከሰዎቹ የሚበዙት ጡረተኞች ናቸው። አንድ ባትሪ የሚያበረው ስምንት ደቂቃ ያህል ስለሆነ ሦስት ሰዓት የቆየ ሰው ቢበዛ አራት ጊዜ ቢያበር ነው። የተረፈው ጊዜ የወሬ ነው። ወሬውም የሚጥመው ስለወደቁት ሲሆን ነው፤ በሰላም በርራ በሰላም ስላረፈች አውሮፕላን ማን ምን ይላል?

ወደዚያ ሜዳ ያመጡኝ በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ አውሮፕላን ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። የመጀመሪያዋን አውሮፕላኔን የገዛሁ ሰሞን "እኔ ሳልኖር እንዳታበራት" ብለውኝ ነበር። እሳቸው ያልመጡበት አንድ ቅዳሜ ግን ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ተኝቶ ሳይ ትዕግሥቴ አለቀና ብቻዬን ለቀቅኳት።

አነሳሷ ያማረ ነበር። ነፋሱን ፊት ለፊት ሰጥቼ ወረወርኳት፤ ሞተሯ ጮኸ፤ ከፍ አለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትሄድ ቀኝ ስላት ቀኝ፣ ግራ ስላት ግራ። ይኼን ነው እንዴ ሲያስፈራሩኝ የከረሙት አልኩ። ከዚያ አዞርኳትና ወደ እኔ መምጣት ጀመረች። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አውሮፕላን ፊቷን ወደ ሰው አዙራ ስትመጣ የእሷ ቀኝ የእኛ ግራ ነው፤ ፊት ለፊት የቆመን ሰው እንደመጨበጥ ማለት ነው። ወደ ቀኜ እንድትሄድልኝ የሪሞቱን ዘንግ ወደ ቀኝ ገፋሁ። እሷም እንደታዘዘችው በራሷ ቀኝ፣ በእኔ ግራ ታጠፈች። ያልሰማችኝ መስሎኝ ጨመርኩላት። ጨምራ ታጠፈች። ስደነግጥ ወደ ላይ እንድትወጣ ዘንጉን ወደ ራሴ ሳብኩ፤ ክንፏ አጋድሎ ሳለ መሳብ ግን ዙሩን ያጠብቀዋል እንጂ ወደ ላይ አያወጣትም። እንደ እንዝርት እየተሽከረከረች በቆሎው ውስጥ ገባች። ከተነሳች አርባ ሰከንድ አልሞላትም።

ደግነቱ የዛሬ ዘመን የጀማሪ አውሮፕላኖች ከፎም የሚሠሩ በመሆናቸው አሟሟታቸው እንደ እንጨቶቹ አይደለም። የተጨማደደ የፎም አፍንጫ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲነከር ታምቀው የነበሩት ጥቃቅን የአየር ቋጠሮዎች መልሰው ይነፋሉ፤ ልክ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ማታውኑ ወጥ ቤት ገብቼ ትልቁን ድስት ጣድኩ። ባለቤቴ መጥታ አፍንጫዋን ድስቱ ውስጥ የደፋች፣ ጅራቷ እስከ ጣሪያ የተሰቀለ አውሮፕላን ስታይ ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያ "የበዓል ድስት ነው እኮ" ብላ ተመለሰች። ለሁለት የተሰበረውን ክንፍ በማጣበቂያ አያያዝኩት፤ በመሃሉ ቀጭን የእንጨት ስንጥር ቀበርኩበት። መልኳ ጠፋ እንጂ ቅዳሜ ደረሰች።

ጋሼ የበቆሎውን ታሪክ ሰምተው አልሳቁም።

"ወዳንተ ስትመጣ ምን አደረግህ?"

ነገርኳቸው።

"ከዚያስ?"

"ጨመርኩላት።"

"ከዚያስ?"

"ሳብኩ።"

"ምንም ባታደርግስ ኖሮ?"

መልስ አልነበረኝም። የራሳቸውን አውሮፕላን አነሱና ከፍ አድርገው ወሰዷት። ሞተሯን ግማሽ ላይ አደረጉት፤ ሆን ብለው ወደ አንድ ጎን አጋደሟት። ከዚያ ሁለቱንም አውራ ጣቶቻቸውን ከዘንጎቹ አነሱ፤ ሪሞቱ በማሰሪያው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እሳቸውም እንደተማረከ ወታደር እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። እኔ መሬቱን ማየት ጀመርኩ፣ የምትወድቅበትን። አውሮፕላኗ ግን ትንሽ ተንገዳገደች፤ አፍንጫዋን ደፋ አደረገች፤ ፍጥነት ስታገኝ ቀና አለች፤ ያጋደለውም ክንፏ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ቀጥ ብላ መንገዷን ቀጠለች።

"አየህ" አሉኝ፣ እጃቸውን ሳያወርዱ፣ "መብረር የለመደችው ካንተ በፊት ነው። አንተ እጅህን ሰብስብ።"

እንዴት ለመደችው? ምስጢሩ አሠራሯ ላይ ነው። የጀማሪ አውሮፕላን ከፊት ለፊት ሲታይ ክንፎቿ ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ ጫፎቻቸው ከመሃሉ ትንሽ ከፍ ብለው እንደተከፈተ መጽሐፍ ናቸው። ነፋስ አንዱን ክንፍ ዝቅ ሲያደርገው አውሮፕላኗ ወደዚያው ጎን መንሸራተት ትጀምራለች። ስትንሸራተት ከጎን የሚገጥማት አየር ዝቅ ያለውን ክንፍ ከሥሩ ይበልጥ ያገኘዋል፤ ከፍ ያለውን ደግሞ ብዙም አያገኘውም። ስለዚህ ዝቅ ያለው ከወትሮው የበለጠ ይነሳል፣ ያኛው ይወርዳል፣ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ነገሩ ይበርዳል። ማንም አላዘዘም፤ ኮምፒውተር የለበትም። የክንፉ ቅርጽ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሚዛን ነው። ከመብረር በፊት አውሮፕላኗን በሁለት ጣት ጫፍ ከክንፎቿ ሥር ይዞ ማንሳት ግዴታ ነው፣ ቢያንስ የእኛ ሜዳ ላይ። የክንፉን ስፋት ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ለክተው ከፊት በኩል ሩቡ ካለቀበት እስከ ሲሶው ባለው ቦታ ላይ ደልደል ብላ ከቆመች ደህና ናት። ከዚያ ወደ ኋላ ከከበደች ግን ባትሪውን ገፋ አድርጎ፣ ካልሆነም አፍንጫዋ ላይ እርሳስ ለጥፎ ማስተካከል ነው። አፍንጫዋ የከበደ በጭንቅ ትበራለች፣ ጅራቷ የከበደ አንድ ጊዜ ብቻ ትበራለች የሚል ቀልድ በየሜዳው አለ። ቀልዱ እውነት ነው። ክብደቷ ወደ ፊት ያለ አውሮፕላን አፍንጫዋን ስትደፋ ፍጥነት ታገኛለች፤ ፍጥነቱ ጭራዋ ላይ ያለውን ኃይል ያበረታዋል፤ እሱ ደግሞ አፍንጫዋን መልሶ ያነሳዋል። ጅራቷ የከበደ ግን አንዴ ቀና ካለች ቀና እንዳለች ፍጥነቷን ትጨርስና ትዘረገፋለች።

ይህን ሁሉ በአደባባይ ካሳዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ አልፎንስ ፔኖ የተባለ የ21 ዓመት ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ፓሪስ ቱይልሪ የአትክልት ስፍራ ውስጥ በተጠመዘዘ ላስቲክ የምትንቀሳቀስ ትንሽ አውሮፕላን ለቀቀ። 11 ሰከንድ በረረች። ክንፎቿ ጫፋቸው ቀና ያለ፣ ጭራዋ ሚዛኗን የሚጠብቅ ነበር፤ ከእጁ ከወጣች በኋላ ማንም ሳይነካት ቀጥ ብላ ሄደች። የራይት ወንድማማቾች የራሳቸውን አውሮፕላን ያበረሩት ከዚህ 32 ዓመት በኋላ ነው። ያውም ፔኖ ለእነሱም እንግዳ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1878 አባታቸው ከመንገድ ይዞላቸው የመጣው በላስቲክ የሚነሳ አሻንጉሊት የእሱን ንድፍ የተከተለ ነበር። ልጆቹ እስኪሰበር ተጫወቱበት፤ ሲሰበር ሌላ ሠሩ።

ሬዲዮው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች፣ ስማቸው ለእኛ ጆሮ ራሱን የቻለ ነገር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ሚሺጋን ክፍለ ግዛት ካላማዙ ከተማ ውስጥ "ጋፍ" ያሏትን አውሮፕላን በሬዲዮ አበረሩ። አውሮፕላኗ ዛሬ የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ንብረት ናት። የዚያ ዘመን ሬዲዮ ከዛሬው ጋር አይገናኝም። ብዙዎቹ አብራሪዎች የነበራቸው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። አውሮፕላኗ ሆድ ውስጥ የተጠመዘዘ ላስቲክ አለ፤ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ላስቲኩ አንድ እርምጃ ይፈታና የጭራውን መሪ ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ ሲለቀቅ መሃል ይመልሰዋል፤ እንደገና ሲጫን ወደ ግራ። ባለፈው ወዴት እንደዞረ የረሳ ሰው ቀኝ ብሎ ግራ ያገኛል። ወደ ላይ ወደ ታች የሚባል ነገር የለም። ሞተሩን መቀነስ የለም፤ ቤንዚኑ ሲያልቅ ይቆማል። እንዲህ ባለ መሣሪያ የሚያበር ሰው አማራጭ ስላልነበረው ራሷን የቻለች አውሮፕላን መሥራት ነበረበት። እሱ ከሥር ቆሞ አልፎ አልፎ "እባክሽ ወዲህ" ይላታል፣ እሷ ከተመቻት ትመጣለች።

የእኛ ሜዳ ሽማግሌዎች ስለ ድሮ ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚያነሱት የልብስ መቆንጠጫውን ነው። በ72 ሜጋኸርዝ ሲበር በነበረበት ጊዜ ሁለት ሰው በአንድ ቻናል ሪሞት ከከፈተ አንደኛው የሌላውን አውሮፕላን ይጥል ነበር። መፍትሔው ሰሌዳ ላይ የተደረደረ፣ የቻናል ቁጥር የተጻፈበት የእንጨት መቆንጠጫ ነው። የቻናሉን መቆንጠጫ ከሰሌዳው ወስዶ ሪሞቱ አንቴና ላይ ያልሰካ ሰው ሪሞቱን አይከፍትም። መቆንጠጫውን ኪሱ ይዞ ምሳ የሄደ ሰው ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው መገመት ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት የተስፋፉት 2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞቶች ከአውሮፕላናቸው ጋር በመለያ ቁጥር ስለሚተዋወቁ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያበር አይምታቱም። ሰሌዳው ግን አሁንም አለ። ኮፍያ ይሰቀልበታል።

በቅርብ ደግሞ ጋይሮ መጣ። ከአውሮፕላኗ ውስጥ የተቀመጠች ጥፍር የምታህል ቺፕ ማጋደሏን በቅጽበት እያወቀች ክንፎቹን ታስተካክላለች፤ አንዳንዶቹ "አድነኝ" የሚል ዓይነት ቁልፍ አላቸው፣ ሲጫኑት ቀጥ ያደርጋታል። ጋሼ ይህን አይወዱም፤ "ሞግዚት" ይሉታል። እኔ ለጀማሪ አልቃወምም፤ በቆሎ ውስጥ ከመግባት ሞግዚት ይሻላል። ግን ሁልጊዜ በእሱ የሚያበር ሰው አንድ ነገር ይቀርበታል፤ ክንፏ ሲነካ ነፋስ ይሁን እጁ ለይቶ ማወቅ አይችልም።

ስለ ባትሪው አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ጨዋታ አይደለምና። ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ እያንዳንዷ ሴል ስትሞላ 4.2 ቮልት ናት፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደች ትበላሻለች፤ ለሳምንታት የምትቀመጥ ከሆነ ደግሞ 3.8 አካባቢ መተው አለባት። ከመጠን በላይ የተሞላች ወይም ስትወድቅ የተጎዳች ባትሪ ታብጣለች፣ በእሳትም ትነሳለች፤ እሳቱ በቀላሉ አይጠፋም። ያበጠችውን "አንድ ጊዜ ብቻ ልጠቀምባት" ማለት የለም። ቻርጅ የሚደረገው ሰው ባለበት፣ ሶፋና መጋረጃ በሌለበት ነው። እኔ ጋራዥ ውስጥ ሲሚንቶ ላይ አደርጋለሁ፣ አጠገቧም ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ።

ወደዚያች ወደ እኔ ስትመጣ ግራ ወዳጋባችኝ አውሮፕላን ልመለስ። ዘዴው ምንድነው? አንዳንዱ ፊቱን አዙሮ በትከሻው ላይ እያየ ያበራል፤ አንገት ይሰብራል እንጂ አያዛልቅም። ጋሼ የሰጡኝ እንዲህ የሚል ነው፦ ወደ አንተ ስትመጣ ቀኝና ግራውን እርሳው፤ የትኛው ክንፍ ነው የወደቀው? ዘንጉን ከሥሩ ሆነህ እንደምትደግፈው ወደዚያው ጎን ግፋ። የወደቀው ክንፍ በግራዬ በኩል ከሆነ ዘንጉ ወደ ግራ። ክንፉ ቀና ይላል። ይኸው ነው። አእምሮ ማሰቡን አቁሞ ጣት ብቻውን እስኪያደርገው ድረስ ግን ሁለት ወር ያህል ወስዶብኛል፤ መኪና ስነዳ እንኳ ግራ ጎን ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ ዘንበል ብሎ ሳይ አውራ ጣቴ ይንቀሳቀስ ነበር።

የዚህን ጨዋታ ጣዕም በደንብ ያወቅኩት ግን ፎሟን ትቼ ግላይደር ከያዝኩ ወዲህ ነው። ክንፏ ሁለት ሜትር፣ ሰውነቷ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ናት። አፍንጫዋ ላይ ያለችው ትንሽ ሞተር 100 ሜትር ድረስ ታወጣትና ትጠፋለች፤ የፕሮፔለሩ ምላጮች እንደ ጃንጥላ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ፤ ዝምታ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ናት፣ የሚወጣ ሙቅ አየር ካላገኘች በቀር። ፀሐይ የታረሰን መሬት ወይም አስፋልትን ከአካባቢው ሣር ይበልጥ ስታሞቀው በላዩ ያለው አየር ይሞቅና እንደ ጭስ ዓምድ ይነሳል። አይታይም። የሚያሳዩን ወፎቹ ናቸው። አገር ቤት ጥንብ አንሳ ሲዞር ያየ ልጅ ከብት ሞቷል ብሎ ይሮጣል፤ እዚህ ጥንብ አንሳ ክንፉን ሳያራግብ ሲዞር ያየ ሽማግሌ ሪሞቱን አንስቶ ይሮጣል። ያለበት ቦታ ነፃ አሳንሰር አለ ማለት ነው።

ወፍ በሌለበት ቀን አውሮፕላኗ ራሷ ትናገራለች፣ ሰሚ ካገኘች። ቀጥ ብላ ስትሄድ አንዱ ክንፏ ያለምክንያት ቀና ይላል። ሙቁ አየር በዚያ ጎን ነው፤ ጫፏን ነክቶ አልፏል። የሚገርመው አውሮፕላኗ ክንፏ ሲነሳ የምትታጠፈው በተቃራኒው፣ ከዓምዱ እየሸሸች ነው። በዚያች ቅጽበት ወደተነሳው ክንፍ ማዞር፣ ከዚያ ክቡ ውስጥ ይዞ መቆየት ነው። እጁ የማያርፍ ሰው ግን ይህን ምልክት በጭራሽ አያየውም፤ ክንፉን ያነሳው አየሩ ይሁን የራሱ አውራ ጣት አያውቅም። በአንድ የሐምሌ ቀትር ግላይደሬ ከሁለት ጥንብ አንሳዎች በታች ገብታ አርባ ደቂቃ ያህል ቆየች። ሞተሯን አንድ ጊዜም አልነካሁም። ወፎቹ አንድ ሁለቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አይዋት፣ ከዚያ ረሷት። ችግሬ ማውረዱ ሆነ፤ ወደ 120 ሜትሩ እየተጠጋች ስለነበር አፍንጫዋን ደፍቼ ከዓምዱ አስወጣኋት። አንገቴ ለሁለት ቀን አልዞር አለ።

ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ይህን ሲያይ የሚጠይቀኝ አንድ ዓይነት ነው፤ አዲስ አበባ ይበራል ወይ? አየሩ ይፈቅዳል፣ ልዩነት ቢኖረውም። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ያቺው አውሮፕላን ያንኑ ክብደት ለመሸከም 12 በመቶ ያህል ፈጥና መብረር አለባት፤ ስታርፍም እንዲሁ ፈጥና ነው የምትመጣው። እዚህ ሜሪላንድ የለመደ እጅ እዚያ ቀስ አድርጎ ላሳርፋት ቢል ሁለት ሜትር ሲቀራት ትዘረገፍበታለች። ትልቅ ክንፍና ቀላል ክብደት መምረጥ፣ ፕሮፔለሩን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ሕጉ ግን ሌላ ነው። በሪሞት የሚበር ነገር አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን ፈቃድ ይጠይቃል። ለወንድሜ ልጅ ስጦታ ብሎ ያለ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ቦሌ የሚወርድ ሰው ስጦታውን ጉምሩክ ትቶ ሊወጣ ይችላል። አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ብዬ ስጀምር በሐሳቤ የነበረው ሌላ ሰው ነው። ሜይናርድ ሂል የኖረው እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ያገሬ ሰዎች ዛሬ እንጀራና በርበሬ በሚገዙበት ከተማ። የሚሠራውም ሜሪላንድ ውስጥ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 በሬዲዮ የምትታዘዝ አውሮፕላን ከ8,000 ሜትር በላይ አውጥቷል፤ የራስ ዳሸን እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው። ያ ሁሉ ያለፈበት ሰው በጡረታ ዘመኑ አንድ ነገር አሰበ። ከአምስት ኪሎ የማትበልጥ፣ ከባልሳ እንጨት የተሠራች አውሮፕላን አትላንቲክን ታቋርጥ። ያን ጊዜ ዓይኑ ደክሞ በሕግ ዓይነ ስውር ከሚባልበት ደረጃ ደርሷል፤ ጆሮውም ከብዷል። እኔ ዓይን ነው ሁሉ ነገር እያልኩ ምዕራፍ ሙሉ ስጽፍ እሱ አውሮፕላኖቹ ከእጁ ከወጡ በኋላ የት እንዳሉ አያይም ነበር።

ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ደጋግሞ ሞከረ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የተላኩት አልደረሱም። አምስተኛዋን ይፋ ስሟን "ታም 5" አሏት፤ ሜሪላንድ ውስጥ የተፈተነችበትን እርሻ ለማስታወስም "የበትስ እርሻ መንፈስ"። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ያህላል። 10 ሲሲ ሞተሯ የሚነድደው የካምፕ ፋኖስ ነዳጅ ነው። ስትነሳ ከክብደቷ ግማሽ ያህሉ ነዳጅ ነበር፤ ጉዞውን ሁሉ በዚያ ማዝለቅ ማለት በሰዓት አንድ የቡና ስኒ ያህል መጠጣት ነው። ሂል ዓመታት የፈጀው ያችን ስኒ በማሳነስ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2003 አመሻሽ ላይ፣ ከሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከኒውፋውንድላንድ ኬፕ ስፒር፣ የ77 ዓመቱ ሰው በእጁ ወረወራት። ጓደኞቹ በሪሞት ጥቂት ካወጧት በኋላ ለአውቶፓይለቷ አስረከቧትና እጃቸውን ሰበሰቡ። ጂፒኤሷን ይዛ ጨለማው ባሕር ላይ ገባች። ሌሊቱን፣ ቀኑን፣ ዳግመኛም ሌሊቱን። ሊያርሟት ቢፈልጉም አይችሉም፤ ከሥሯ ያለው ውሃ ብቻ ነው።

የሚጠብቋት ምዕራብ አየርላንድ ውስጥ ክሊፍደን ከተማ አጠገብ ማኒን የተባለ የባሕር ዳርቻ ላይ ነበሩ። ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ አልኮክና ብራውን እ.ኤ.አ. በ1919 አትላንቲክን ሳያርፉ ተሻግረው የወረዱት ክሊፍደን አጠገብ ነው። ሪሞት ይዞ የቆመውም ሰው፣ ዝምድና ባይኖራቸውም፣ ብራውን ይባላል፤ ዴቭ ብራውን፣ በወቅቱ የአሜሪካ ሞዴል አብራሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው። ኦገስት 11 ከቀትር በኋላ ከባሕሩ በኩል ደረሰች። 3,030 ኪሎ ሜትር፣ 38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ።

ብራውን ሪሞቱን አንስቶ አውቶፓይለቷን አጠፋና አዙሮ አሳረፋት። ከኒውፋውንድላንድ ወዲህ የሰው አውራ ጣት ሲያዛት የመጀመሪያው ነበር።